ሽማግሌ ቆሞ፣ ዋይፋይ ሞቶ

አልገደልኩትም አልኳችሁ እኮ። ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? «ፍላሽ የጋሽ ሀብቴን ዋይፋይ ገድሎ፣ ሶፋ ስር ተደብቆ፣ በልመና ነው የወጣው» እያላችሁ ፑል ቤት የምታወሩ ልጆች፣ አንደኛ ሶፋ ስር አይደለም፣ ሶፋ ጀርባ ነው። ሶፋ ስር የሚገባው ድመት ነው። ሁለተኛ አልተደበቅኩም፣ ስራ ላይ ነበርኩ። ሶስተኛ ደግሞ ዋይፋዩ አልሞተም ነበር። እዚህ ጋ ነው አፋችሁን የምትይዙት። ቆይ ግን፣ በተራ ልምጣ። እዚያ ያልነበረ ሰው ነው ሁሌ አብዝቶ የሚያውቀው።

ለማታውቁኝ፣ ካላችሁ ማለቴ ነው፣ ስሜ መላኩ ነው። መላኩ ብላ የምትጠራኝ ግን እናቴ ብቻ ነች፣ እሷም ስትቆጣ። አራዳ ላይ ፍላሽ ነኝ። የሞተ ስልክ አምጡልኝ፣ ፍላሽ አደርገዋለሁ። ማለት ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ጠርጌ ሌላ እጭንበታለሁ፣ ይነሳል። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጣላን፣ እስካሁን አስታራቂ አልተገኘም። ከእንግሊዝኛ ጋር ደግሞ ሰላምታ አለን፣ ወሬ ግን የለንም። ሙያውን የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ሰውዬው የት ጋ እንደተጫነ አያለሁ፣ ቦታውን እይዛለሁ፣ እኔም እዚያው ጋ እጫናለሁ። ማንበብ ለፋራ ነው እል ነበር። እል ነበር ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ።

ሱቄ ድሮ ፒያሳ መሀል ነበረች። ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ፈረሰች፣ አሁን ወደ አምስት ኪሎ መውጫ አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ነኝ። ደንበኛ ግን ሁለት ታክሲ ይዞም ቢሆን ይከተለኛል። እጄን ስለሚያውቅ ነው። ጉራ አይደለም፣ ጉራ ቢሆን ሌላም እጨምር ነበር።

ጋሽ ሀብቴ የቧንቧ እቃ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው እሪ በከንቱ ነው፣ ከፍርስራሹ የተረፈ አሮጌ የድንጋይ ቤት። ሰውዬው በዚህ ዓለም ሁለት ነገር ይወዳሉ፣ እሁድ ከሰዓት በዋይፋይ በታብሌታቸው የሚያዩትን ኳስና ልጃቸውን ትዕግስትን። ቅደም ተከተሉም ይሄው ነው እያሉ ሰዎች ያሟቸዋል። እኔ ደግሞ ትዕግስትን ነው የምወደው። ኳሱን ይውሰዱት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ የዶክተር ጽሑፍ እንኳን አንብባ የምትጨርስ ልጅ ነች፣ እዚህ ላይ አስቡኝ። ሁለት ዓመት በፎንቃ ከነፍኩ። እሷ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ አባትየው አያውቁም። እሳቸው ዘንድ እኔ ፍላሽ ነኝ፣ ስልክ የሚሰራው ልጅ፣ በቃ።

ችግሩ የጀመረው ከግድግዳው ነው። የትዕግስት ክፍል ጓሮ በኩል ነች፣ ዋይፋዩ ሳሎን ቡፌ ላይ ነው፣ መሀል ላይ አያቶቻችን በቂም የሰሩት የሚመስል የድንጋይ ግንብ አለ። በቪዲዮ ስንደዋወል ፊቷ እየደረቀ ይቀራል። አንዴ አፏን እንደከፈተች ቆመች፣ እኔ እየሳቀች መስሎኝ አብሬ ስስቅ ቆየሁ፣ ለካ ተቆጥታ ነው። ሳምንት አኮረፈችኝ። ይሄን ነገር በሙያዬ ካልፈታሁት ፍላሽ አይደለሁም አልኩ።

ጋሽ ሀብቴ ዘንድ ሄድኩና አስረዳኋቸው። ዋይፋዩ ጉልበት አለው፣ አብሮት የመጣው ሶፍትዌር ነው አስሮ የያዘው፣ ሰዎች በነፃ የሰሩት ሌላ ሶፍትዌር አለ፣ እሱን ስጭንበት እስከ ሽንት ቤት ይደርስልዎታል አልኳቸው።

«ሽንት ቤት ለምኔ ነው?» አሉ።

«ኳስ እያዩ ቢያጣድፍዎትስ?»

አሰቡ። የቀኝ ጉንጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ቅዳሜ ና» አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ፣ የእትዬ ብርቄን ምንጣፍ በጫማ የረገጠ ሰው ያ ቤት ሁለተኛ አይገባም። እትዬ ብርቄ የትዕግስት እናት ናቸው፣ ዳንቴል ሰሪ። ያ ቤት ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ እኔና ጋሽ ሀብቴ ብቻ ነበርን። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፣ ዋይፋዩ ራሱ አንቴናዎቹን በዳንቴሉ ቀዳዳ አውጥቶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ገልጬ ላፕቶፔን በገመድ ሰካሁ፣ አዲሱን ሶፍትዌር ጫንኩ። ሰማያዊዋ መስመር ሞላች። ዋይፋዩ ጠፋ፣ በራ፣ አረንጓዴ መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስራ አለቀ ብዬ ገመዱን ነቅዬ ጠቀለልኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ዋይፋይ ፈለግኩ።

የለም።

የጎረቤቱ ሁሉ አለ፣ የጋሽ ሀብቴ የለም። እሳቸውም በታብሌታቸው ፈለጉ። የለም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። የለም። ዱቄት ሆንኩ፣ ግን ፊቴ ላይ አላሳየሁም። «አዲስ ሶፍትዌር ማረፍ አለበት፣ ነገ ይነሳል» አልኩ። እንዲህ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን ስልክ ላይ ስለው ሰዎች ያምኑኛል።

«ነገ ኳስ አለ» አሉ ጋሽ ሀብቴ። 

አሁን ዋናውን ጉድ ስሙ። ያው እሁድ፣ ከሰዓት፣ እኔ ራሴ ወደዚያ ቤት ሽማግሌ ልኬ ነበር።

አትሳቁ። ቀኑ የተቆረጠው ከወር በፊት ነው። ለጋሽ ሀብቴ በሰው በኩል «ለልጅዎ እንግዶች ይመጣሉ» ተብሏቸዋል፣ ለማን እንደሆነ ግን አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ሶስት ናቸው። ዋና ተናጋሪው ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር፣ ወሬ ከጀመሩ ቀይ መብራት የማያቆማቸው። ሁለተኛው ሀጂ ሸምሱ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያዩ። ሶስተኛው የጋሽ ታደሰ ባልንጀራ፣ ራሳቸውን ለመነቅነቅ ብቻ የመጡ። ጋሽ ታደሰ ሱፋቸውን አሰፍተዋል፣ ቀን ለውጡ ብላቸው በሱፉ ያንቁኛል። ደግሞ ልጁ ራሱ ሽማግሌ በገባበት ቤት አይገኝም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ፕላኔ ቀላል ነበር። በጠዋት ሄጄ ዋይፋዩን አስነስቼ፣ ከምሳ በፊት ላሽ ማለት።

በጠዋት ሄድኩ። ከጀርባው ያለችው፣ ዋይፋዩን ወደ መጀመሪያው የምትመልሰው የሪሴት ቀዳዳ ጠባብ ነች፣ የእትዬ ብርቄን የዳንቴል መስሪያ ኪሮሽ ተውሼ ሰክቼ ያዝኩ። መብራቱ ጠፋ፣ በራ። ዋይፋይ የለም። እንደገና። የለም። ዞሬ በግራ እጄ ሞከርኩ። የለም። እትዬ ብርቄ ደግሞ ዞር ባልኩ ቁጥር «ይበርደዋል» ብለው ዳንቴሉን ይመልሱበታል። ምሳ ደረሰ፣ አለፈ። ቀስ ብዬ ተነሳሁና አንድ እቃ ከሱቅ ላምጣ አልኩ። በር ላይ ስደርስ ጫማዬ የለም።

«ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ላይ መታ መታ እያደረጉ። «ዋይፋዬን ስታወጣ ጫማህ ይወጣል።»

በባዶ እግሬ ከእሪ በከንቱ ወደ ላይ ልሩጥ ብዬ አስቤ ነበር፣ ካልሲዬ ላይ ግን አውራ ጣቴ ወጥታ ሰፈር ታያለች። አራዳ ሆኜ እንደዚያ ልታይ? ብሞት ይሻለኛል ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እዚያው እንዳለሁ በር ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ደነገጡ። ሳሎኑ ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ መሀሉ ላይ ካልሲው የተቀደደ ጎረምሳ። ትከሻዬን ይዘው ከሶፋውና ከቡፌው መሀል ወሸቁኝ። ከነዋይፋዩ፣ ከነላፕቶፑ። «ትንፍሽ እንዳትል፣ ስራህን ስራ» ብለው ከላይ አንድ ዳንቴል ጣሉብኝ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ለሽማግሌ አውልቅ አይባልም፣ እኔ በሶፋው ስር በሚታየኝ ጫማቸው ነው ያወቅኳቸው።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ። እንደዚያ ነው ወጉ። ሽማግሌ ከቆመ ጥያቄ ላይ ነው፣ ከተቀመጠ እሺ ተብሏል። አይጠጣም፣ አይበላም፣ ይቆማል። ጋሽ ታደሰ ጀመሩ። ከፈጣሪ ተነሱ፣ በጉርብትና አለፉ፣ የታክሲ ዘመናቸውን ነካ አደረጉ፣ በመጨረሻ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ልጃችሁ ማነው ሲባሉ መላኩ ይባላል፣ ጨዋ ነው፣ የኮምፒውተር ሰው ነው፣ እጁ የነካው የሞተ እቃ ይነሳል አሉ። እኔ እዚያ ጋ ኪሮሽ ይዤ የሞተ እቃ ታቅፌያለሁ።

ጋሽ ሀብቴ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንደሱ ያለ ሰው ነበር የቸገረኝ» አሉ። «ይኸው እዚህ ሶፋ ጀርባ ፍላሽ የሚሉት አንድ ቀሽም ዋይፋዬን ገድሎ ተጎልቷል። ኳሱ ሊጀምር ነው። እንዲህ ላለው ሰው ልጅ የሚሰጥ አባት ይኖራል?»

 የጋሽ ታደሰ ጫማ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ። ሰፈር ሁሉ ፍላሽ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ የሀጂ ሸምሱ ጺም በሶፋው ጠርዝ ላይ ብቅ ሲል አየሁ። ቁልቁል አዩኝ፣ አውራ ጣቴን አዩ፣ ዳንቴሉን አዩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አልተነቃነቀም። ተመለሱና ሳል አሉ።

«ወጣት አይደል፣ ይማራል» አሉ።

«እሱ አይማርም» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

በዚህ መሀል እትዬ ብርቄ ለውሃ ብርጭቆ አምጪ ብለው ትዕግስትን ጠሩ። ባይጠጡም ይቀርባል። ብርጭቆው ያለው ቡፌው ታችኛው መሳቢያ ነው፣ እኔ ካለሁበት ጎን። አጎንብሳ ስትከፍት አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠምን። እንኳን ለማልቀስ ለመሳቅም ጊዜ አልነበራትም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሞቷል።»

«መብራቱ እየበራ?»

እንዲህ ሲባል ቀላል ነው። ከትናንት ጀምሮ ያ አረንጓዴ መብራት ፊቴ ላይ ሲያፈጥ አንዴም አልገባኝም። በገመድ ሞክረሃል ወይ አለችኝ። አልሞከርኩም። ሞቷል ብዬ ለሞተ ነገር ምን ገመድ ልሰካ። ሰካሁት፣ የሶፍትዌሩን ገጽ ከፈትኩ፣ ወዲያው መጣ። ገጹ ግን ቪዲዮው ላይ ያለውን አይመስልም፣ የማውቀው ቁልፍ የማውቀው ቦታ ላይ የለም፣ እንግሊዝኛ ብቻ ተደርድሯል። ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞርኩት። ሁለት መስመር አነበበችና በመዳፏ አፏን ያዘች።

«አልሞተም እኮ» አለች። «ይሄ ሶፍትዌር ሲጫን ዋይፋዩን ራሱ አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ገብተህ አብራ እስክትለው ይጠብቃል።»

«እና ሪሴት ሳደርገው?»

«እንደገና ታጠፋዋለህ።»

ገባችሁ? ከጠዋት ጀምሮ፣ በኪሮሽ፣ በሁለት እጄ፣ ላቤ እየወረደ፣ ልጁን ስቀሰቅስ አይደለም የዋልኩት። እሹሩሩ እያልኩ ሳስተኛው ነው የዋልኩት።

አንድ ቦታ ነካች። ገጹ ስም ስጡኝ አለ፣ ፓስወርድም ስጡኝ አለ። ጊዜ ሳታባክን ጻፈችና ላፕቶፑን ዘጋችው። ምን ብለሽ ጻፍሽ ስላት ብርጭቆዎቹን ይዛ ተነሳች።

ከላይ ጋሽ ሀብቴ ንግግራቸውን እየቋጩ ነበር። ነገሩን ሰምቻለሁ፣ ከዘመድ ልማከር፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉ። ይሄም ወግ ነው፣ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን አይሳካለትም። ግን ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፣ የወግ አልነበረም። ሰው ላይደውል ስልክ ቁጥር እየመዘገበ እደውላለሁ ሲል እንዴት ነው፣ እንደዚያ ነበር። ጋሽ ታደሰ እንኳን ቃል አጠራቸው፣ በህይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።  በቃ፣ አለቀ፣ በዋይፋይ አጣኋት አልኩ።

ታብሌቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ተስፋ ባይኖራቸውም እጃቸው ለምዶ ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ ከዚያ አራቁት።

«መጣ» አሉ። «ስሙ ግን ሌላ ሆኗል።» እንደ ተማሪ እየቆጠሩ አነበቡት። «ትዕግስት... እና... መላኩ።»



«መላኩ ማነው?» አሉ።

«እኛ የመጣንለት ልጅ ነው» አሉ ሀጂ ሸምሱ በትህትና።

«ታዲያ ዋይፋዬ ላይ ምን ይሰራል?»

መቼም ወንድ ልጅ የሚነሳበት ሰዓት አለ። ተነሳሁ። ዳንቴሉ ራሴ ላይ፣ ኪሮሹ እጄ ላይ፣ አውራ ጣቴ ምንጣፉ ላይ። «አቤት» አልኩ። 

ጋሽ ሀብቴ እኔን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። «አንተ ፍላሽ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ ጋሼ። እናቴ ስትቆጣ ግን መላኩ ነኝ።»

«ይሄን ስም አንተ ነህ የጻፍከው?»

አዎ ልል ነበር። ሁሉንም ልውሰደው፣ እኔን ይቆጡኝ፣ እሷን አይንኳት ብዬ። አፌን ስከፍት ትዕግስት ከጓዳው በር ላይ፣ ብርጭቆዎቹን በትሪ እንደያዘች፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት አባዬ» አለች።

አስቡት። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት አትናገርም፣ እስክትጠራ ጓዳ ነች። እሷ ግን ጓዳም ሆና፣ ሳትናገርም፣ ስንት መቶ ሜትር ዙሪያ ላለ ጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ያን ሰዓት ግቢው ውስጥ ስልኩን የከፈተ ሁሉ አንብቦታል።  ዓይኗን ከአባቷ ላይ አላነሳችም።

ጋሽ ሀብቴም እሷን ነበር የሚያዩት።  ከጎረቤት ቤት የኳስ ጩኸት ተነሳ፣ ጀምሯል። ሰውዬው ዞር አላሉም። ያኔ ነው የሚያማቸው ሰፈር ቅደም ተከተሉን እንደተሳሳተ ያወቅኩት።

ሁለተኛ ጩኸት ሲሰማ ግን ወደ ታብሌቱ ጨረፍ አደረጉ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። «ፓስወርዱስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እነግርሃለሁ» አለች ትዕግስት።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሀጂ ሸምሱ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የጋሽ ሀብቴ ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ወደ ሶፋው ጀርባ ልመለስ ስል፣ ለካ ሳቅ ነው።

«የኔን ልብ ነው የወረሰችው» አሉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀመጡ።»

ጋሽ ታደሰ ጠንቃቃ ናቸው። «ተቀመጥን ማለት እኮ...»

«ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ተቀመጡ አልኩ፣ ኳሱ እያለፈኝ ነው።»

ሶስቱም ባንዴ ሲቀመጡ ሶፋው እሰይ ያለ መሰለኝ። እትዬ ብርቄ እልልታቸውን አቀለጡት፣ ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩና «ዳንቴሉን ከራስህ ላይ አውርድ፣ አንተ ሙሽሪት መሰልክ» አሉኝ። ጫማዬ ግን የተመለሰው ከኳሱ እረፍት በኋላ ነው። ጋሽ ሀብቴ ቃላቸውን ያጥፋሉ ብላችሁ ነው? መጀመሪያ ምስሉ እንደማይቆራረጥ አረጋገጡ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ አገባሁ። ይሄ ካልበቃችሁ ሌላም አለ። ከዚያን ቀን በፊት እጄ ካወቀ ዓይኔ ለምን ይደክማል የምል ሰው ነበርኩ። አሁን አዲስ ነገር ፊቴ ሲመጣ እጄን ኪሴ ከትቼ አነባለሁ። እሺ፣ ትዕግስት ታነብልኛለች፣ እኔ ግን ከጎኗ ሆኜ ቃሉን በጣቴ እከተላለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ ቀድሜያት እላለሁ። ስልኩን ይዞ «ሞተብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰውም ሲያጋጥመኝ ድሮ «ተወው ለኔ» ነበር የምለው፣ አሁን መብራቱ ይበራል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። እናንተም አንድ ነገር ሞተ ብላችሁ ከመቅበራችሁ በፊት «አብራ» ያለው ሰው መኖሩን እዩ። ምክሩ በነፃ ነው። ስልክ ካላችሁ ግን ይከፈላል።

አሁንም አላመናችሁኝም አይደል? ፊታችሁን አውቀዋለሁ። እንግዲያው ሀጂ ሸምሱን ሱቃቸው ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እሳቸው በውሸት አይታሙም፣ ስለ ካልሲዬ ግን አትጠይቋቸው። ጋሽ ታደሰን ጠይቁ፣ ከምሳ በፊት ሂዱ፣ ካልሆነ ለእራት አትደርሱም። እነሱንም ካላመናችሁ እሪ በከንቱ ውረዱ፣ የጋሽ ሀብቴ በር ላይ ቁሙና ስልካችሁን ክፈቱ። ስሙ እስከ ዛሬ አልተቀየረም፣ እስከ ሽንት ቤቱም ይደርሳል። ፓስወርዱን ከፈለጋችሁ ግን ግቡና ተቀመጡ፣ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው እዚያ ቤት አይነገርም።